ጥርስ ነው ያልነው ሕመም

የዚህ እትም አዘጋጆች «ከገጠመሽ ነገር አንዱን ጻፊልን» ሲሉኝ ቀድሞ የመጣልኝ የጥርስ ሕመሜ ነው። ስለ ጥርስ ሕመም ደግሞ ምን ይጻፋል ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ የቸኮላችሁ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ቢሆን እገልጠው ነበር።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ነው። የመካከለኛና የረጅም ርቀት ሩጫን የተግባር ትምህርት የወሰድነው ያኔ ነበር፤ አብረውኝ የነበሩ ያስታውሳሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሽሮ ሜዳ ተሰባስበን ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን አቀበት እንያያዘዋለን። አዲስ አበባ አይበርድም የሚል ሰው ካለ በኅዳርና በታኅሣሥ በዚያ ሰዓት እዚያ ወጥቶ አያውቅም። ከላይ ስትደርሱ ከፍታው ከ3000 ሜትር ያልፋል። ባሕር ዛፉ ውስጥ ያደረው ቁር ፊት ይልጣል፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ተነጥፎ የሚነጋባቸው ቀናትም አሉ።

እኔ ግን ብርድ ያሳደገኝ ነኝ፣ የበቆጂ ልጅ። በቆጂ ራሷ 2800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች፣ ገብስና ስንዴ የሚበቅልባት የአርሲ ከተማ ናት። የእነ ደራርቱ ቱሉ፣ የእነ ቀነኒሳ በቀለ፣ የእነ ጥሩነሽ ዲባባ አገር መሆኗን በዚህ ትምህርት ክፍል ውስጥ ለማንም መናገር አያስፈልግም። እንዲያውም «የበቆጂ ልጅ ሆነሽ እንዴት ኋላ ትቀሪያለሽ?» እየተባለ ሲቀለድብኝ ነው የኖርኩት። በቆጂ የተወለደ ሁሉ አይሮጥም እኮ። አንዳንዶቻችን ቆመን ስናይ ነው ያደግነው።

ሕመሙ የጀመረኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ስሮጥ ያን ያህል አይደለም። አፌን ከፍቼ ሳለከልክ የጎን ጥርሶቼ ሎሚ እንደበላ ሰው ይጠርሳሉ፤ ይህ ግን የሁሉም ሰው ነው ብዬ አልቆጠርኩትም። ዋናው የሚመጣው ከቆምኩ በኋላ ነው። ወርደን፣ ሰውነታችንን አፍታተን፣ ታክሲ ስንጠብቅ በግራ በኩል የታችኛው መንጋጋዬ ውስጥ አንድ ነገር መጠዝጠዝ ይጀምራል። ከዚያ ወደ ላይኛው ጥርስ ይሻገራል፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ሥር። የትኛው ጥርስ እንደሆነ ጣቴን አስቀምጬ ማሳየት አልችልም። አንድ ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ሰዓት ይቆይና እንደ አመጣጡ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ጂም ውስጥ ስንሠራ የለም። ፀሐይ ከወጣ በኋላ ሜዳው ላይ ስንሮጥም የለም። ብርድና ሩጫ አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው። ከቆምኩ በኋላ መምጣቱን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ዶርም ውስጥ ሐኪም ያልሆነ የለም። የመጀመሪያዋ «ብርድ ነው» አለች። በእኛ አገር ብርድ የማያመጣው በሽታ ስለሌለ አልተከራከርኳትም። ሁለተኛዋ «ላብሽ ሳይደርቅ ነፋስ አግኝቶሽ ነው፣ ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ፈልጋ አሽታ አሸተተችኝ። ሦስተኛዋ ከሁሉም ባሰች። ጥርሴን ትል በልቶት እንደሆነና ትሉ ሲበርደው እንደሚላወስ ነገረችኝ። ታዲያ ጂም ውስጥ ለምን አይላወስም ብላት «ሞቆት ተኝቶ ነዋ!» አለችኝ። መልስ አላጣችም። ከሁሉም የጠቀመኝ ቅርንፉድ ነው። ነክሼ ስይዘው ትንሽ ያደነዝዝልኛል። ቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዩጂኖል የሚባል ዘይት በጥርስ ሐኪሞችም ዘንድ የሚታወቅ ማደንዘዣ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ለአንድ ወር ያህል ክፍላችን የሻይ ቅመም ቤት ይሸት ነበር።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሰለቸኝና አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ስሙ ይቅር። ሐኪሙ አፌን አስከፍቶ በመስታወት አየ፣ በብረት ነገር ሁለት ሦስት ጥርሴን መታ መታ አደረገና «ይቺ ናት፣ ትነቀል» አለ። ራጅ የለም፣ ጥያቄ የለም። ያሳየኝ ከታች በግራ በኩል ያለችውን ሁለተኛዋን መንጋጋ ጥርስ ነበር። መርፌው ሲዘጋጅ እያየሁ «እርግጠኛ ነው ግን?» ብዬ ጠየቅኩ።

«የሚያምሽ አንቺን ነው ወይስ እኔን?» አለኝ።

ልክ ነው፣ የሚያመኝ እኔን ነው። እኔ ደግሞ እርግጠኛ አልነበርኩም። «ነገ እመለሳለሁ» ብዬ ተነሳሁ። ለካርድ የከፈልኩት ገንዘብ አልቆጨኝም ብል ግን እዋሻለሁ።

የዚያን ቀን ማታ ለአባቴ ደወልኩለት። አባቴ ጡረታ የወጣ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ያኔ 62 ዓመቱ ነበር። ታሪኬን ስጀምርለት ሲስቅ ይሰማኛል።

«እንግዲህ የእኔን ጥርስ ወረስሽ ማለት ነው» አለኝ።

«እንዴት አባዬ?»

«እኔስ ጠዋት በብርድ ዳገቷን ስወጣ መንጋጋዬን ጥርቅም አድርጎ ይይዘኝ የለ? አምና ሁለቱን አስነቀልኳቸው፣ እሱ ግን አብሮ አልተነቀለም። ትንሽ አረፍ ስል ይተወኛል። የብርድ ነገር ነው። አፍሽን ሸፍነሽ ሩጪ። ጥርስሽን ግን እንዳታስነቅይ፣ ለቆሎ ያስፈልግሻል።»

ሁለታችንም ሳቅን። ስልኩን ስዘጋ ቀለል ብሎኝ ነበር። የዘር ጥርስ ነው ማለት ነው። በማግስቱ ለዶርም ልጆች «ከአባቴ የወረስኩት ነው» ብዬ የትሉን ጉዳይ ዘጋሁት። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ። አባቴ ሁሉንም ነገር በአንድ ትንፋሽ ነግሮኝ ነበር። ስፖርት ሳይንስ የምማረው ልጁ የሰማሁት ግን የራሴን ጥርስ ብቻ ነው።

ጥር ላይ በሰው በሰው ወደ ሌላ የጥርስ ሐኪም ሄድኩ። ይቺኛዋ ወንበሩ ላይ ከማስተኛቷ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ጠየቀችኝ። መቼ ይጀምራል፣ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ስታጎነብሺ ይብስብሻል ወይ፣ ሌሊት ጥርስሽን ታፋጫለሽ ወይ፣ በምን ዓይነት ብሩሽና እንዴት አድርገሽ ነው የምትቦርሺው። ራጅ አስነሳችኝ። ከዚያ በጥጥ የያዘችውን በረዶ ጥርስ በጥርስ እያስነካች ሄደች። ከክራንቻው ቀጥሎ ያሉት ላይ ስትደርስ ከወንበሩ ዘለልኩ። ቀጥላ ጣቷን ጉንጬ ላይ፣ ስንነክስ የሚያብጠው ጡንቻ ላይ አድርጋ ጫን ስትል ያ የማውቀው ጥዝጣዜ ራሱ መጣ።

ያስረዳችኝን እንደገባኝ ላስቀምጠው። የጥርስ የውጭ ልባስ፣ ኢናሜል የሚባለው፣ ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነገር ነው፤ ነርቭ የለውም። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ግን በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ነው፤ ቱቦዎቹ ውስጥ ደግሞ ፈሳሽ አለ። ድድ ሸሽቶ የጥርሱ አንገት ሲገለጥ ቀዝቃዛ አየር ያንን ፈሳሽ ያንቀሳቅሰዋል፣ የውስጡ ነርቭም ወዲያው ይቆጣል። እኔ ደግሞ ጠንካራ ብሩሽ ይዤ፣ ልክ ድስት እንደሚፈትግ ሰው ወደ ጎን እየፈተግኩ ድዴን አሽሽቼዋለሁ። የቀረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስናርፍ በደቂቃ 6 ሊትር አካባቢ አየር የምንተነፍስ ሰዎች ጠንክረን ስንሮጥ 100 ሊትርና ከዚያም በላይ እንደርሳለን። አፍንጫ አየሩን አሙቆና አርጥቦ ነው የሚያስገባው። ያን ሁሉ ግን ብቻውን አይችለውምና አፍ ይከፈታል፤ የእንጦጦ የንጋት አየርም ሳይሞቅ በቀጥታ ጥርስ ላይ ያርፋል።

ይህ እንግዲህ የመጥረሱ ነገር ነው። ከቆምኩ በኋላ የሚመጣው ጥዝጣዜ «ምናልባት ከጡንቻው ነው» አለችኝ። ሰው ሲበርደው ትከሻውንና መንጋጋውን ግጥም አድርጎ ይይዛል። በተለይ ቁልቁለቱን ጥርሴን ነክሼ እንደምወርድ ጓደኞቼ በኋላ መስክረውብኛል። ሳይነስ ሲቆጣም የላይኞቹን መንጋጋ ጥርሶች ያመመ እንደሚያስመስል ነገረችኝ፤ ሥራቸው ከሳይነሱ ጋር ጎረቤት ነው። የእኔ ራጅ ላይ ግን እሱን የሚመስል ነገር አልታየም። ለስላሳ ብሩሽ፣ በብርድ ለሚጠርስ ጥርስ የተዘጋጀ የጥርስ ሳሙና፣ አፍ ላይ ሻርፕ። ይኸው ነበር ሕክምናው። «ምናልባት» ነው ያለችው እንጂ እርግጠኛ ነኝ አላለችም። ያመንኳትም ለዚሁ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን አልጽፍም ነበር።

በዚያው ሰሞን የሰውነት እንቅስቃሴ ፊዚዮሎጂ መምህራችን አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ያስተማሩን ስለ አንድ ነገር ነበር፤ የአካል ብቃት ፈተና የምንፈትነው ሰው ምን ምን ምልክት ሲያሳይ ወዲያው ማስቆም እንዳለብን። ከምሳ በፊት ስለነበር ግማሻችን ሰዓት እያየን ነበር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሰው ቅርጽ ሥለው ደረቱን ብቻ ሳይሆን ግራ ክንዱን፣ ትከሻውን፣ አንገቱን፣ የሆዱን አናትና የታችኛውን መንጋጋ በቀይ ጠመኔ ቀቡት።

«ደረቴን እስኪላችሁ አትጠብቁ» አሉ። «ልብ ደም ሲያንሰው ሕመሙ እነዚህ ቦታዎች ላይ ሊሰማ ይችላል። ደረቱን ጭራሽ የማያመው ሰው አለ። መንጋጋዬን፣ ጥርሴን ብቻ የሚል አለ። በብርድ ደግሞ ይብሳል።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ምክንያቱንም አስረዱ። ሲበርደን የቆዳችን የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ሙቀት እንዳይወጣ ነው። ሥሮቹ ሲጠቡ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ልብም የሚገፋው ነገር ይከብደዋል። በዚያ ላይ ዳገት ሲጨመር ልብ ራሱ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። የልብ ጡንቻን የሚመግቡት የደም ሥሮች በስብ ተደፍነው ከጠበቡ የሚፈለገውን ያህል ደም አያሳልፉም። ያን ጊዜ ልብ ያማል። ከልብና ከመንጋጋ የሚመጡት የነርቭ መልእክቶች ወደ አእምሮ የሚደርሱት በሚገናኙ መንገዶች ስለሆነ አእምሮ ከየት እንደመጣ ይሳሳትና መንጋጋ ታመመ ይላል። አንጃይና የሚባለው ይህ ነው። ዊሊያም ሄበርደን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1768 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ለባልደረቦቹ ሲገልጸው ሰዎችን ሲራመዱ፣ ይልቁንም ዳገት ሲወጡ እንደሚይዛቸውና ቆም ሲሉ እንደሚለቃቸው ተናግሮ ነበር። ያኔ ኢሲጂ የለ፣ ራጅ የለ። ሰውየው በሽተኞቹን ጠይቆ ነው ያወቀው።

እኔ እንግዲህ በሃያ ዓመቴ ልቤ ሊቆም ነው ብዬ ክፍሉ እስኪወጣ ጠብቄ ወደ መምህሩ ሄድኩ። አልሳቁብኝም። ቦርሳቸውን እየዘጉ ጠየቁኝ።

«ስትሮጪ ነው የሚይዝሽ ወይስ ስትቆሚ?»

«ስቆም ነው መምህር። ከቆምኩ አሥር ደቂቃ በኋላ።»

«ስታርፊ ይተውሻል?»

«ኧረ ይብስብኛል። አንድ ሰዓት ይቆያል።»

«ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጪስ?»

«ያ'ማ ዘልቆ ነው የሚሰማኝ።»

«ያንቺ የተገላቢጦሽ ነው» አሉኝ። «የልብ ቢሆን የሚይዝሽ በሥራ ላይ ሆነሽ፣ የሚተውሽ ደግሞ ስታርፊ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣትም እንደ ጥርስ አያስዘልለውም። ጥርስሽን ታከሚ። ለማንኛውም ልብሽንም አስደምጪ፣ አይጎዳም።»

እየዘለልኩ ወጣሁ። ካፌ ተሰልፌ፣ ትሪዬን ይዤ፣ ከኋላዬ ላለችው ልጅ ታሪኩን እያሳቅኩ እነግራታለሁ። «ስታርፊ ይተዋል ወይ ሲሉኝ...» ብዬ አልጨረስኩትም። «ትንሽ አረፍ ስል ይተወኛል።» የአባቴ ድምፅ ነው። ጠዋት፣ በብርድ፣ ዳገት ላይ፣ መንጋጋ። ጥርሶቹ ተነቅለው እሱ አልተነቀለም። ትሪውን መልሼ ከሰልፉ ወጣሁ።

ስደውልለት ገበያ ነበር። ልቡን እንዲታይ ስነግረው «ጥርሴን ነው ያልኩሽ፣ ልብ ማን አለሽ?» አለኝ። ደረቱን አሞት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ኧረ በጭራሽ አለ። ደም ግፊት እንዳለበት አውቃለሁ። መድኃኒቱን ይወስድ እንደሆነ ስጠይቀው ወሬ አስቀየረኝ። እናቴን ብደውልላት ትደነግጣለች። ስለዚህ ዓርብ ከክፍል ወጥቼ ቃሊቲ መናኸሪያ ሄድኩና በአሰላ አድርጌ ሲመሽ በቆጂ ገባሁ። «ምን ሆነሽ ነው?» ለሚለው «ናፍቃችሁኝ ነው» አልኩ። እናቴ አላመነችኝም፣ ግን ጎመን ጨመረችልኝ።

ማታውኑ ደጅ ካደረው ጄሪካን ውሃ ቀድቼ ሰጠሁትና በአፉ ይዞ እንዲቆይ ለመንኩት። በየካቲት የበቆጂ የማታ ውሃ እንዴት እንደሚበርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አባቴ እንደ ሕፃን ጉንጩን ነፍቶ ያየኛል። ምንም። አጉመጥምጦ ዋጠውና «ሌላስ?» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ በወይራ መፋቂያ የፋቀው ጥርስ ብረት ነው። የእኔ ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ይሰማኝ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አብሬው ወጣሁ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሥራ ኖረም አልኖረም ከከተማው ጫፍ ወዳለችው ማሳው ሳይሄድ አይውልም። ጋቢውን ተከናንቦ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ሜዳው ላይ ስንሄድ እያወራን ነበር። ዳገቷ ስትጀምር ወሬው አጠረ። ሲተነፍስ እሰማለሁ። ከግማሿ ሳንደርስ ከኋላችን የጫማ ኮቴ መጣ። ሠልጣኞቹ ናቸው፣ አሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች፣ በሰልፍ፣ አንዳቸውም ሳያወሩ።

«እስቲ እነዚህን ልጆች እንያቸው» አለኝና ከመንገዱ ወጣ ብሎ ቆመ።

ልጆቹ አለፉ። ራቁ። እሱ እንደቆመ ነው። በጋቢው ውስጥ እጁ ወደ አገጩ ሄዶ መንጋጋውን ይዞታል። ስልኬን አውጥቼ ሰዓት ያዝኩ። ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲሆን እጁን አወረደና «በይ እንሂድ» አለ። ትንሽ ሄደን እንደገና ቆመ። አሁን የሚሮጥ ሰው የለም።

«ሁልጊዜ እዚህ ጋ ትቆማለህ አባዬ?»

«ልጆቹን ማየት ደስ ይለኛል።»

«ልጆቹ በማይሮጡበት ቀንስ?»

ትንሽ ዝም አለና «ያኔማ ማሳውን አያለሁ» አለኝ።

ማሳው ታጭዶ ነበር። ቃርሚያ እንኳ አልቀረውም። እዚያው ድንጋይ ላይ አስቀምጬው ሁሉንም ነገርኩት፣ ሰሌዳው ላይ በቀይ ጠመኔ የተቀባውን ሰውዬ ጭምር። መምህር ነውና ሥዕሉ የገባው መሰለኝ። «መንጋጋውንም ቀቡት?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። አምና ክረምት ከገባ ጀምሮ እንደሚይዘው፣ መጀመሪያ አናቷ ላይ ሲደርስ ብቻ እንደነበር፣ አሁን ግን ከግማሽ በታች እንደወረደ ያኔ ነው የነገረኝ። የደም ግፊት መድኃኒቱንም ደህና ነኝ ብሎ ካቆመ ዓመት አልፎታል። እናቴ አታውቅም።

ሰኞ ክፍል ቀረሁና ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። ግፊቱ 170 በ100 ነበር። ኢሲጂ ተነሳ፤ ንጹህ ነው ተባለ። አባቴ እንዳሸነፈ ሰው አየኝ። ተኝቶ የተነሳው ኢሲጂ ንጹህ ቢሆንም ሥራ ላይ ሲሆን የሚመጣውን ላያሳይ ይችላል፤ ይህንንም ተምረነዋል። እንዴት ብዬ ለሐኪም እናገራለሁ ብዬ ላቤ መጣ። ግን ተናገርኩ። ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ አልተቆጣም። ዳገቱን፣ ብርዱን፣ ሦስት ደቂቃውን እስክጨርስ ሰማኝና መድኃኒት አስጀምሮ ለአዲስ አበባ ሪፈር ጻፈለት። አመሰግነዋለሁ።

አዲስ አበባ የሆነውን ላሳጥረው። ወረፋው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። ትሬድሚል ላይ አቁመው በየሦስት ደቂቃው ፍጥነቱንና ዳገቱን እየጨመሩ፣ ልቡን በሽቦ እያዩ አስኬዱት። እኔ በመስታወቱ በኩል አየዋለሁ። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ አሁንም እጁ ወደ አገጩ ሄደ። ማሽኑ ላይም የልቡ መስመር ተቀይሮ ነበርና ወዲያው አስቆሙት። ምንም የሚያይላቸው ሯጭ ስላልነበረ የሚያመካኝበት አጣ። ዝም ብሎ ወለሉን ያይ ነበር።

ልብ ነው፣ አንጃይና። በኋላ በተደረገለት ምርመራ አንደኛው የደም ሥር ጠቦ ተገኘ። ለጊዜው በመድኃኒት እንዲቀጥል ተወሰነ፤ አስፕሪን፣ ስታቲን፣ የልብ ምትን ቀዝቀዝ የሚያደርግ ክኒን፣ ሕመሙ ሲይዘው ደግሞ ከምላሱ ሥር የሚያደርጋት ትንሽ ክኒን። ቁጭ ብሎ ሳለ ከያዘው፣ ወይም ከምላስ ሥር ባደረጋት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልተወው እቤት መጠበቅ እንደሌለበት ለእሱም ለእናቴም ተነገራቸው። ሐኪሙ ጥያቄ ካለህ ጠይቅ ሲሉት አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና «ታዲያ ሁለቱ ጥርሶቼስ?» አላቸው። ሳቁ። የተነቀሉት ደህና ጥርሶች ነበሩ? እንግዲህ ማን ያውቃል፤ የነቀላቸው ሰው ራጅ አላነሳም፣ ዳገት ላይ ነው ወይ ብሎም አልጠየቀም። እኔም ስልክ ላይ አልጠየቅኩም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በየጠዋቱ ዳገቷን ሲወጣ እኔ እዚህ የዘር ጥርስ ነው እያልኩ እስቅ ነበር። ይህቺኛዋ ሌሊት ሌሊት ትመጣብኛለች።

አባቴ አሁን ደህና ነው። ማሳው ይሄዳል፤ ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ፣ አፉና አፍንጫው በጋቢ ተሸፍኖ፣ ክኒኗ በኮቱ ኪስ ውስጥ። ሠልጣኞቹ ግን በማለዳ ስለሚሮጡ አያገኛቸውም። እንደቀሩበት ሲነግረኝ እውነቱን ነው ወይስ ያንኑ ማስመሰሉን አላውቅም፤ ሁለቱም ይመስለኛል።

የእኔው ደግሞ አልተፈታም። ልቤን አስደምጫለሁ፣ ደህና ነው። ብሩሼን ከቀየርኩ ወዲህ መጥረሱ በጣም ቀንሷል። ጥዝጣዜው ግን ኅዳር በመጣ ቁጥር ይመለሳል። ቁልቁለቱን አፌን ላላ አድርጌ ለመውረድ እየሞከርኩ ነው፤ አንዳንድ ቀን ይረዳኛል፣ አንዳንድ ቀን ምንም። ለምን በስተግራ ብቻ፣ ለምን አሥር ደቂቃ ቆይቶ የሚለውን ሐኪሟም መምህሩም አልመለሱልኝም። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ነገር የሚያጋጥመው ካለ ብንነጋገር ደስ ይለኛል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሽሮ ሜዳ አለሁ፤ አፏን በሻርፕ የጠቀለለችው እኔ ነኝ። ቀድሜ የምጠይቃችሁ ግን ስትሮጡ ነው ወይስ ስትቆሙ የሚለውን ነው።